ሽንኩርት ያልገባበት ወጥ

እኔ ስለ ምግብ የሚጽፉ ሰዎችን አላምናቸውም። ጨው በማንኪያ ይለካሉ። እኔ በዓይኔ ነው የምጨምረው፤ ከበዛብኝም ድንች ጣል አደርግበታለሁ። ዛሬ ግን እኔው ራሴ ስለ አንድ ድስት የህንድ ሽምብራ ልጽፍላችሁ ተቀምጫለሁ። እየሳቅሁ ሠርቼ፣ ጣፍጦኝ በልቼ፣ እጄን ሳልታጠብ ያለቀስኩበት ምግብ ነው። ዓመት አልፎታል፤ አሁንም ሳስበው ደረቴ ላይ ይቆምብኛል።

የዚያን ጊዜ ፍራንክፈርት፣ ፌኸንሃይም በሚባለው ሰፈር እኖር ነበር፤ ሥራዬም እዚያው፣ አንድ መጋዘን ውስጥ እሽግ መለየት ነበር። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ስሜና ጠባዬ ግን ተዋውቀው አያውቁም። ቤቱን የምጋራው ኮማል ከምትባል ህንዳዊት ጋር ነበር። ኮማል ራጅኮት ከሚባል ከተማ የመጣች፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምታንስ፣ ቢሮ ተቀምጣ ኮምፒዩተር ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። የምንነጋገረው በጀርመንኛ ነው። የእኔ የመጋዘን ጀርመንኛ፣ የእሷ የቢሮ ጀርመንኛ ስለሆነ ሰው ቢሰማን ሁለት የተለያየ ቋንቋ የምናወራ ይመስለው ነበር። ቢሆንም ተግባብተን ነበር የምንኖረው።

ያቀራረበን ጾም ነው። አብረን መኖር በጀመርንበት ዓመት ሁዳዴ ሲገባ እኔ በዳቦና በድንች ተንገሽግሼ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ኮማል ድስት ጥዳለች፤ ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዷል።

«ሥጋ አለበት?» አልኳት።

«እኔ ሥጋ? በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም!»

«እንቁላልስ?»

«ኧረ በጭራሽ። እናቴ ብትሰማሽ ትደነግጣለች።»

እግዜር ራሱ የላከልኝ ጓደኛ መሰለችኝ። ሁዳዴን ሙሉ ከእሷ ድስት እየተቋደስኩ ጾምኩ፤ ጾሙ እንዲህ ሲጥም አይቼ አላውቅም። ለሆሳዕና ጥቂት ሲቀረው ነው ኮማል ከአንድ ማሰሮ ቢጫ ነገር በማንኪያ ዝቃ ድስቱ ላይ ስታደርግ ያየሁት። ምንድን ነው ብላት «ቅቤ» አለችኝ። ጮህኩባት። እሷ ደግሞ ግራ ገብቷት «ላሟን እኮ አላረድናትም፤ ቅቤ ምን አደረገሽ?» አለችኝ። ለእሷ አትክልት በል ማለት ሥጋ አትብላ ማለት ነው፤ የእኛ ጾም ወተትም ቅቤም እንደማይነካ ማን ነግሯት! ነገሩን ሳስረዳት ግን እኔ ከደነገጥኩት በላይ ደነገጠች። የሰው ጾም ያስፈታሁ እኔ ነኝ ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። በማግሥቱ አዲስ ድስት ገዝታ መጣች፤ ያ ድስት ዘይት እንጂ ቅቤ አይቶ አያውቅም።

ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ሳል እስኪይዛት ሳቀች። እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው፤ ብርዱን ሁሉ በሳቅ ያሳለፈች ሴት ናት። «ሳታውቂ የበላሽው ነው፤ አይያዝብሽም» አለችኝና ቀጠለች። «ለመሆኑ ምን ጨምራበት ነው እንዲህ የጣፈጠሽ?»

«የሚገርምሽ ሽንኩርት የለውም። እነሱ ቤት ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይገባም፤ ሃይማኖታቸው ነው።»

«ያለ ሽንኩርት ወጥ?» አለች። «ልጄ፣ እንግዲህ አንቺ የበላሽው ወጥ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር እናቴ ስለ ጤናዬ ከመጠየቋ በፊት ስለዚያ ወጥ ትጠይቀኝ ጀመር። እንዴት ይወፍራል? በምን ይቁላላል? እኔም መልሱን ስለማላውቀው አሳይሻለሁ እያልኩ እሸነግላት ነበር።

ባለፈው ዓመት የጀርመኑ ክረምት ሳይወጣ የእናቴ ልብ ደከመ። ሐኪም ቤት ገባች፣ ወጣች፣ ተመልሳ ገባች። ወንድሜ ሰለሞን «ደህና ናት» ይለኛል፤ ድምፁ ግን ደህና አልነበረም። አለቃዬን ለምኜ ኡርላውብ የሚሉትን የዓመት ፈቃድ ወሰድኩ፤ ትኬት ቆረጥኩ፤ ሰኞ ማታ ልበር። ሐሙስ ስደውልላት ድምፅዋ ቀጥኖ፣ ከሩቅ የሚመጣ መስሎ ነበር።

«ትደርሻለሽ አይደል?» አለችኝ።

«ማክሰኞ አጠገብሽ ነኝ፣ እማዬ።»

«ያን ሽንኩርት የሌለውን ወጥሽን ሠርተሽ ካላሳየሽኝ አላምንሽም።»

ስልኩን ስዘጋ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ በሕይወት እያለች መድረስ። ሁዳዴ ስለነበር ምግቡም የጾም ነው። ማክሰኞ ደርሼ፣ ረቡዕ ሠርቼ፣ ራሴ በእጄ ላጎርሳት አሰብኩ። ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ካለው የህንዶች ሱቅ ቅመሙን ገዛሁ፤ ኮማልም እሑድ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ልታስተምረኝ ቃል ገባችልኝ።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ወደ ሰለሞን ደወልኩ፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሐኪም ቤት ውስጥ ስልክ ያስዘጋሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁና ደክሞኝ ስለነበር በጊዜ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ በሬ ተንኳኳ። ኮማል ናት። ጸጉሯን ታጥባ ገና ውሃው ይንጠባጠባል።

«ዛሬ እንሥራው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሽምብራውን።»

«ነገ አይደል እንዴ ያልነው? ኮማልዬ፣ ቅዳሜ እኮ ነው፣ ትንሽ ልተኛበት።»

«ነገ አይመቸኝም» አለች፤ ዓይኔን ሳታይ። «ሽምብራውን ማታ አንቺ ከተኛሽ በኋላ ነክሬዋለሁ። ተነሺ።»

ኮማል ሰው የምታጣድፍ ልጅ አልነበረችም። ግን ከመሄዴ በፊት ያሰበችልኝ መሰለኝና እያዛጋሁ ተነሳሁ። ስልኬን አንስቼ ለሰለሞን ልደውል ስል ኢንተርኔት የለም። «ከጠዋት ጀምሮ ተቋርጧል» አለች ከማብሰያ ቤቱ ሆና። የኮምፒዩተር ሰው ናት፤ ሌላ ቀን መስመሩ ለደቂቃ ሲቆም መሬት ተንበርክካ ገመድ የምትነቅል፣ ገመድ የምትሰካ እሷ ናት። ያን ቀን ወደ ሳጥኑም ዞር አላለችም። የእኔ የስልክ ካርድ ደግሞ ወሩ አልቆ ተዘግቶ ነበር። ቆይቼ ወጣ ብዬ እሞላዋለሁ አልኩ።

«ስልክሽን ስጪኝ» አለችኝ። «ስትሠሪ እቀርጽሻለሁ። እናትሽ ጋ ስትደርሺ እያየሽ ትሠሪዋለሽ።»

ብልህ ናት ብዬ አመሰገንኳት። ስልኬን ሰጠኋት፤ እስከ ከሰዓት ድረስም ተመልሶ እጄ አልገባም።

የቤታችን ምድጃ በክብሪት የሚለኮስ የድሮ የጋዝ ምድጃ ነው። ኮማል ክብሪቱን ይዛ ምድጃው ፊት ቆመች። ቆመች፣ ቆመች። ትጸልይ ይሁን ታስብ አላውቅም። «ምን ሆነሻል፣ ይነክሳል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁባት። በቋንቋዋ የሆነ ነገር አንሾካሾከችና ጫረችው።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። ዘይቱ ሲግል የሰናፍጭ ፍሬ፤ እየፈነዳ ፊቴ ላይ ይዘላል። ከሙን። ከዚያ ሂንግ የሚሉት ዱቄት በጣት ጫፍ፤ ሲከፍቱት ሽታው ከቤት ያስወጣል፣ ዘይት ሲነካው ግን አፍ የሚያስከፍት ነገር ይሆናል። የሽንኩርቱን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ዝንጅብሉን እኔ ወቀጥኩ፤ ቲማቲሙን እኔ ከተፍኩ፤ እርድና ድንብላሉን እሷ እያሳየችኝ ጨመርኩ። ቲማቲሙ ዘይቱን መልሶ እስኪተፋ ድረስ ማማሰል ነው፤ ያኔ ልክ በሽንኩርት እንደተቁላላ ሁሉ ይወፍራል። ምስጢሩ ገባኝና ጮቤ ረገጥኩ። ማማሰያውን እንደያዝኩ ወደ ስልኩ ዞርኩ።

«እማዬ፣ እዪ! ሽንኩርት የለም! ማርያምን የለም! አንቺ ወጥ አይደለም ብለሽኛል አይደል? ነይ ቅመሺና ፍረጂኝ!»

ስልኩ በኮማል እጅ ላይ ወደ ላይ ዘንበል ሲል አየሁት።

«ደህና አድርገሽ ያዢው እንጂ! እናቴ ወጡን ትታ ጣሪያ ልታይ ነው።»

«ይዤዋለሁ» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው እንዳልል ሽንኩርት የለም። ጠየቅኋት፤ ጉንፋን ነው አለችኝ።

«ትወደው ይሆን ግን?» አልኳት። «እናቴ አፏ ቀላል አይደለም።»

ኮማል ስልኩን አስቀምጣ ወደ መታጠቢያው ዞረች፤ ንጹሕ ብርጭቆ አንስታ ደጋግማ አጠበች። «ትወደዋለች» አለች፤ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

ስንጨርስ ሩዝ አቀረበች። እሷ አልበላችም። ዛሬ ጾሜ ነው አለችኝ።

«የምትጾሚው ሰኞ ሰኞ አልነበር?»

«ዛሬም።»

«እኔን አጥግበሽ አንቺ ጽድቁን ለብቻሽ ልትወስጂው ነው በይ!»

ፈገግ አላለችም። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እያንዳንዷን ጉርሻ በዓይኗ ትከተል ነበር። አንድ ሰሃን ጨረስኩ፤ ሳልጠይቃት ጨመረችልኝ። ከእኔ የተማረቻት የምትወዳት አንዲት የአማርኛ ቃል ነበረቻት፤ ሰው ስታበላ ጣቷን እያወዛወዘች «በሞቴ!» ትላለች፣ እኛም እንስቅባታለን። ያን ቀን ግን «ለእኔ ስትይ» ብቻ አለችኝ፤ እሱንም በጀርመንኛ። ሁለተኛውንም ሰሃን ጥርግ አደረግኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። እኔ የሠራሁት ነዋ፤ ለእናቴ የምሠራው።

በሩ ሲደወል ኮማል ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ግን አልተራመደችም። «እኔ እከፍታለሁ» ብዬ ሄድኩ፤ ጣቶቼ በእርድ ቢጫ ሆነዋል።

ደረጃው ላይ እትዬ ዓለምፀሐይ ቆመዋል። እትዬ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ የማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ለብዙዎቻችን እዚህ አገር በእናት ቦታ ያሉ ሴት ናቸው። ከኋላቸው ጋሽ ደምሴ አሉ፤ ድሮ ለትምህርት መጥተው እዚሁ ያረጁ መሐንዲስ ናቸው። ከእሳቸው ኋላ ደግሞ የማኅበራችን ሴቶች እስከ ታችኛው ደረጃ ድረስ ቆመዋል። ሰኞ እንደምሄድ የማያውቅ ሐበሻ አልነበረም። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ፤ አንዱ ጫማ፣ አንዱ መድኃኒት፣ አንዱ የሕፃን ልብስ ይዞ «ትንሽ ናት፣ ቦታ አትይዝም» እያለ ይመጣል። እኔም የመጡት ዕቃ ሊያሸክሙኝ ነው ብዬ ነደደኝ፤ ንዴቴን በሳቅ ሸፈንኩት።

«እትዬ፣ በእውነት ኪሎዬ ሞልቷል! ከእንግዲህ አንድ ካልሲ እንኳ አልቀበልም!»

ማንም አልሳቀም።

እጃቸውን አየሁ። ማንም ምንም አልያዘም። ከዚያ ነጠላቸውን አየሁ፤ ሁሉም ዘቅዝቀው ነው የለበሱት። ዓይኔ አየው እንጂ ልቤ አልተቀበለውም፤ ከሌላ ለቅሶ የመጡ ይሆናሉ አልኩ። እትዬ ዓለምፀሐይ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ኮማልን አዩአት። በጀርመንኛ፣ ቀስ ብለው ጠየቋት።

«በልታለች?»

ኮማል ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ይህን ጥያቄ እኔም ጠይቄው አውቃለሁ። መርዶ ይዘን ሰው ቤት ስንሄድ፣ ከመግባታችን በፊት ለቤተኛው በሹክሹክታ የምናቀርባት ጥያቄ ናት። በባዶ ሆዱ እንዳንነግረው፣ ከነገርነውም በኋላ ስንት ቀን እህል እንደማይቀምስ ስለምናውቅ። እኔም ሳክሰንሃውሰን ሰፈር የሚኖር የአንድ ልጅ አባት ያረፉ ጊዜ የሚሠራበት ምግብ ቤት ድረስ ሄጄ «ምሳ በልቷል?» ብዬ ጠይቄለታለሁ። ከዚያች ጥያቄ በኋላ ጋሽ ደምሴ የተናገሩት ሁሉ ትርፍ ነበር።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉኝ።

«እማዬ?» አልኩ።

«አይዞሽ። ቁጭ በይ።»

«ጋሼ፣ ማክሰኞ እኮ ነው የምደርሰው። ማክሰኞ!»

እሳቸውም አለቀሱ። ሴቶቹ ያዙኝ። እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም፤ ከታች የምትኖረው ጀርመናዊት አሮጊት ሰው የተወጋ መስሏት በነጠላ ጫማ ሮጣ መውጣቷን የሰማሁት በኋላ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ድምፄ ሲዘጋ «መቼ?» አልኩ። ትናንት አመሻሽ ላይ አሉኝ። «ቀብሩስ?» ስል እትዬ ዓለምፀሐይ ናቸው እጄን ይዘው የነገሩኝ።

«ተቀብራለች፣ ልጄ። ከቀትር በኋላ ነው። ሰለሞን አሁን ከመቃብር እንደተመለሱ ደወለልኝ።»

የሁለቱን አገር የሁለት ሰዓት ልዩነት ጨምሬ ሰዓቱን በልቤ አመሳከርኩት። ልጇ ማማሰያ ይዛ «ነይ ቅመሺና ፍረጂኝ» ስትል፣ እሷን አፈር ያለብሷት ነበር።

ቤቱ አሁንም ያን ወጥ ወጥ ይሸታል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ከትቼ ልመልሰው ታገልኩ። እምቢ አለኝ። እናቴ ሞታ፣ ሆዴ ግን ያን ምግብ ወዶታል። ስወጣ ኮማል ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ።»

«እያወቅሽ አሳቅሽኝ? እያወቅሽ አበላሽኝ?»

እትዬ ዓለምፀሐይ ጣልቃ ገቡ፤ «እኔ ነኝ ያዘዝኳት፣ እሷን ተያት» አሉኝ። ወንድሜ ማታውኑ ለእሳቸው ደውሎ ነበር። እሳቸውም የኮማልን ስልክ ቁጥር ስለያዙ ደወሉላት፤ ሰው ከሥራ ወጥቶ እስኪሰበሰብ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ፣ ስልክ እንዳትነካ፣ በደንብ አብያት ብለዋታል። እኔ ግን ልተዋት አልቻልኩም። እትዬን መቆጣት ስለማልችል ንዴቴ ሁሉ ወደ ኮማል ሄደ።

ሰኞ በያዝኩት ትኬት ሄድኩ። ደብረ ብርሃን ስደርስ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ሰለሞን እናቴ እስከ መጨረሻው ቀን «ማክሰኞ፣ ማክሰኞ» ስትል እንደነበር ነገረኝ። የሰፈራችን ሴቶች ደግሞ አስለቅሰውኝ ሲያበቁ አንዷ ጠጋ ብላ «እኔ የምለው፣ ያ ሽንኩርት የሌለው ወጥ ምንድን ነው? እናትሽ ላስታማሚው ሁሉ ልጄ ልትሠራልኝ ነው እያለች አስጎመጀችን እኮ» አለችኝ። ቅመሙ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም፤ ስመለስም እዚያው ትቼው መጣሁ።

ፍራንክፈርት ከተመለስኩ በኋላ ከኮማል ጋር እንደ ባዳ ነበር የምንኖረው። ከሰላምታ ሌላ ቃል አይወጣንም። ጠዋት እሷ ማብሰያ ቤት ካለች እኔ ክፍሌ ውስጥ እቆያለሁ፤ ስትወጣ እገባለሁ። እሷም ያን ሽምብራ ድጋሚ አልሠራችውም። ሁለታችንም ቤት የምንፈልግ ሰዎች መስለን ከረምን።

እዚህ ላይ እናንተን አንባቢዎቼን ልጠይቃችሁ። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጡ ነበር? ወዲያው መስማትን? ወይስ በልቶ፣ ጠግቦ፣ ስቆ፣ በሰው መሐል መስማትን? እዚህ አገር ሐኪሙም አለቃውም የሆነውን ነገር ፊት ለፊት ነው የሚነግርህ፤ እኔም እሱን ለምጄ ነበር። ወንድሜ በቀጥታ ለእኔ ቢደውል ኖሮ ቢያንስ እናቴ ስትቀበር ስልኩን ይዤ አብሬ አለቅስ ነበር እላለሁ። ደግሞ ሌላ ቀን እንዲህ አስባለሁ፤ ለሰለሞን እናታችን ዓርብ ነው የሞተችው፤ ለእኔ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ድረስ ኖራለች። ያን ግማሽ ቀን እናት ነበረችኝ፤ ወጥ ስሠራላት፣ ስቀልድላት ውያለሁ። አንዱን ቀን አንደኛው ሐሳብ ያሸንፈኛል፣ በማግሥቱ ሌላው። እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። ቁጣዬ ግን አልቋል፤ እንዴት እንዳለቀ ነው አሁን የምነግራችሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስገባ ኮማል ሳሎን ተቀምጣ ከእናቷ ጋር በቪዲዮ ታወራ ነበር። ከኋላዋ አልፌ ክፍሌ ልገባ ስል እናቷ አዩኝ። ነጭ ሻሽ የተከናነቡ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ የወረደ፣ ቀጭን አሮጊት ናቸው። «ቲጊ! ቲጊ!» ብለው ተጣሩ፤ ስሜን እንደ ልጃቸው ነው የሚያሳጥሩት። ትልቅ ሰው ጠርቶኝ እንዴት እሄዳለሁ? ቆምኩ።

«ሐዘንሽ እንዴት እንደሆነ ትጠይቅሻለች» አለችኝ ኮማል።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያቸው።»

አሮጊቷ ረዘም አድርገው ሌላ ነገር ተናገሩ። ኮማል አልተረጎመችም።

«ምን አሉ?»

«ተዪው፣ ምንም አይደለም።»

«ኮማል፣ ንገሪኝ።»

አንገቷን ደፋች። «ያን ቀን ጠግባ ነበር ወይ፣ ነው የምትለው።»

መልሼ ልቆጣ ነበር፤ ግን ነገሩ አልገባኝም። «እሳቸው እኔ የበላሁትን በምን አወቁ?» አልኳት።

ኮማል ጀርመንኛውን እየፈለገች፣ ቀስ እያለች ነገረችኝ።

«እኛ ዘንድ ሞት በገባበት ቤት ሬሳው እስኪሸኝ ድረስ እሳት አይነድም። ሐዘንተኛ አይበላም። ሐዘንተኛን ማብላት፣ ያውም ቤቱ ውስጥ እሳት አንድዶ፣ ትልቅ ኃጢአት ነው። እኔና አንቺ ደግሞ አንድ ጣሪያ ሥር ነን፤ ቤትሽ ቤቴ ነው። የእናንተዋ ትልቅ ሴት አብያት ስትለኝ እሺ አልኳት፣ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴ ጋ ደወልኩ። የእነሱ ሥርዓት አብሉ ይላል፣ የእኛ ደግሞ እሳት አትንኩ ይላል፣ ምን ላድርግ አልኳት።»

«ምን አሉሽ?»

«ሐዘኑ የማን ነው አለችኝ። የቲጊ ነው አልኳት። ‹እንግዲያ በቲጊ ሥርዓት ይሁን። እሳቱን አንድጂው፣ ልጅቷን አብያት። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን› አለችኝ።»

አሮጊቷ የምናወራው ባይገባቸውም አንዴ እኔን አንዴ ልጃቸውን ያያሉ።

«ያን ሳምንት ሙሉ ጾመች» አለች ኮማል። «እኔ የሠራሁትን ልታስተሰርይ። ደካማ ናት፣ ተዪ ብላት እምቢ አለችኝ።»

ቁጭ አልኩ። እኔ በኮማል ላይ ፊቴን ሳዞር፣ ድስቷን ስጸየፍባት፣ ሻይ እንኳ አብሬያት ላልጠጣ ስሸሻት፣ ባሕር ማዶ አንዲት የማታውቀኝ እናት እኔ የጠገብኩትን ተሸክማ ጾማለች። ኮማልን አቀፍኳት። የሁለታችንም እንባ ተደባለቀ፤ አሮጊቷ ደንግጠው በስልኩ ውስጥ ይጣራሉ።

ስልኩን ከኮማል እጅ ተቀበልኩ። አሮጊቷ መልሴን እየጠበቁ ነበር፤ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ጆሯቸውን ወደ እኔ አስጠግተዋል። ኮማል ልትተረጉምልኝ አፏን ከፈተች፤ እኔ ግን በራሴ ቋንቋ ነበር ልነግራቸው የፈለግኩት።

«ጠግቤ ነበር፣ እማዬ» አልኳቸው።